አምስት ሺህ በሞላ ቁጥር

እትዬ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በሞላች ቁጥር እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ትቀሰቅሰኝና «ተነሺ፣ ዛሬ እትዬ ቀጠሮ አላት» ትለኝ ነበር። ሌላ ቀን ሦስቴ ተጠርቼ የማልነሳው ልጅ፣ ያን ቀን በአንድ ጥሪ ከአልጋዬ እወርዳለሁ።

እትዬ መኪናችን ናት። እናቴ ከአባቷ የወረሰቻት፣ እኔ ሳልወለድ ወደ ቤቱ የገባች፣ ስምንት ሰው የምትጭን አሮጌ ሚኒቫን ነበረች። ድሮ ደማቅ ሰማያዊ ነበረች ይላሉ፤ እኔ የደረስኩባት ብዙ ጊዜ የታጠበ ጂንስ መስላ ነው። የጎን በሯ እየተንሸራተተ የሚከፈት ሲሆን፣ ትንሽ ወደ ላይ አንስተው ካልሳቡት እንኳን ሰው ዝሆን ቢስበው አይከፈትም። ስሙን ያወጣላት አባቴ ነው። እሱ መንዳት አይችልም፤ ሁልጊዜ ከእናቴ ጎን ተቀምጦ፣ ከበሩ በላይ ያለችውን መያዣ ጨብጦ ነው የሚሄደው። ለምን እትዬ እንደሚላት ስጠይቀው «ታላቅ በደረቁ አይጠራም» አለኝ።

በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የሚቀጥለው ሰርቪስ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። ቁጥር ማንበብ የተማርኩት ከእሷና ከዳሽቦርዱ ነው። ዘጠኞቹ ተሰልፈው ሲመጡ እናቴ ፍጥነቷን ትቀንስና «ተመልከቺ፣ አሁን» ትለኛለች። ከዚያ ሁሉም ዘጠኞች አብረው ተገልብጠው ዜሮ ይሆናሉ። በዚህ ዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር።

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ጆሮ ይባሉ ነበር። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። እናቴን መኪና መንዳት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ከአያቴ ጊዜ ጀምሮም የእትዬን ሞተር ከእሳቸው በቀር የነካው የለም። ጋራዡ ከዋናው መንገድ ሁለት መታጠፊያ ገባ ብሎ ያለ ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ወለሉ ለዓመታት ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ጣሪያው እዚህም እዚያም ስለተበሳ ፀሐይ በቀዳዳዎቹ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፣ አቧራው በውስጧ ሲዞር ይታያል። ጎማ፣ ቤንዚንና የረጠበ ብረት ይሸታል። ማንም ሳያዘኝ፣ ገና ከበሩ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

ግድግዳው ላይ መፍቻዎቹ ከትልቁ እስከ ትንሹ ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ምስማር አለው። ጋሽ ጆሮ ሲቆጡ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ጎረቤት ያለው ጎማ ለጣፊ አሥራ አራት ቁጥሩን ተውሶ በአሥራ ሦስት ቁጥሩ ምስማር ላይ የሰቀለ ዕለት። ስለ አንዲት ምስማር ሰው እንዲህ ይሰደባል ወይ ብዬ ተገርሜ ነበር።

ሰላምታቸውም ልዩ ነው። መካኒክ እጁ ዘይት ስለሆነ መዳፉን ለሰው አይሰጥም፤ የእጁን አንጓ ነው የሚዘረጋው። ይህን ሁሉም መካኒክ ያደርገዋል። ጋሽ ጆሮ ግን ማንንም ቀድመው ነበር የሚዘረጉት። የእግር ኮቴ እንደሰሙ አንጓቸው አየር ላይ ነው። ለእኔ፣ ለስምንት ዓመት ልጅ እንኳ፣ እንደ ትልቅ ሰው ይዘረጉልኛል። በሁለት እጄ እጨብጠዋለሁ። ከዚህ በላይ ትሕትና አላየሁም እል ነበር።

ከዚያ ሥራው ይጀመራል። እናቴን «አስነሺያት» ይሏታል። ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሱና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ጥቂት ቆይተው «ቺንጊያዋ ደክሟታል» ይላሉ፤ ወይም «ሦስተኛዋ ካንዴላ እያጉረመረመች ነው»። ሲፈታ ያሉት ነገር አንድ ቀን ሳይገኝ ቀርቶ አያውቅም። ቀጥሎ ዘይቱ በትኩሱ ይፈሳል። ጥቁሩ ዘይት እንደ ክር ሲወርድ ጣታቸውን ሰደድ ያደርጉና በአውራ ጣታቸው አሽተው ያሸቱታል፤ የት የት እንደሄድን ከሽታው የሚያውቁ ይመስለኝ ነበር። አዲሱን ፊልትሮ ከማስገባታቸው በፊት የላስቲክ ቀለበቱን በጣታቸው ዘይት ይቀቡታል። የፍሬኑን ሸራ ውፍረት በጥፍራቸው ይለካሉ። ጎማውን ዙሪያውን በመዳፋቸው ይዳስሱታል። ይህን ሁሉ ሲሠሩ ፊታቸው ወደ ጣሪያው ነው፣ ዓይናቸውም ወይ ተከድኗል ወይ ሌላ ቦታ ነው።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ጆሮ፣ ለምንድነው ዓይንዎን የሚጨፍኑት?»

እናቴ ከኋላዬ ስትደነግጥ ተሰማኝ። እሳቸው ግን ሳቁ።

«ዓይን ያታልላል የኔ ልጅ» አሉኝ። «እጅ አያታልልም።»

ይህን ሕግ አድርጌ ወሰድኩት። ለአንድ ሳምንት ያህል ጥርሴን ዓይኔን ጨፍኜ ቦረሽኩ፣ ጫማዬን ዓይኔን ጨፍኜ አሰርኩ፣ ደረጃ ዓይኔን ጨፍኜ ወረድኩና ከንፈሬ ተሰነጠቀ። አባቴ ደሙን እየጠረገልኝ «ሊቅነት ቀስ በቀስ ነው» አለኝ።

ጋሽ ጆሮ ያኔ የግራ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ፣ የቀኙ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለይ እንደነበር ያወቅኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። የምስማሮቹ ሥርዓት፣ ያለ ረዳት ብቻቸውን መሥራታቸው፣ አንጓቸውን ቀድመው መዘርጋታቸው፣ ሁሉም ከዚያ የመጣ ነበር። የሰው እጅ ሲዘረጋ ስለማያዩ ሰው የእሳቸውን እንዲያገኝ ያደርጉ ነበር። ምስጢሩን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። ሰው ቢሰማ ጋራዡ በሳምንቱ ይዘጋል፤ ከዚያ ጋራዥ ሌላ ደግሞ ሚስትም፣ ልጅም፣ የሚሄዱበትም አልነበራቸውም።

ሰርቪሱ አልቆ ከወጣን በኋላ እናቴ ሁልጊዜ የምታደርጋት ነገር ነበረች። ሁለተኛውን መታጠፊያ እንዳለፍን፣ አንድ ረጅም ግንብ ሥር ታቆማለች። ከመቀመጫዋ ሥር የጎማ መፍቻዋን ታወጣና መኪናዋን ትዞራለች። በእያንዳንዱ ጎማ አምስት ቡሎን፣ በአራቱ ሃያ። እያንዳንዱን በመፍቻው ጠበቅ ታደርገውና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ምን እያደረገች እንደሆነ ስጠይቃት «ሰላም እያልኳቸው ነው» አለችኝ። ታድያ እኔም በመስኮት እያጮለቅሁ ሃያዎቹን ሰላም እላቸው ነበር። መፍቻው አንድም ቀን ሲንቀሳቀስ አላየሁም፤ እንደገጠመ ቀጥ ይላል፣ እናቴም ታልፋለች።

አንድ ቅዳሜ ግን የፊት ግራው ጎማ ጋ ስትደርስ መፍቻው ዞረ። ደግሞ ዞረ። ሁለተኛው ቡሎን ላይም ዞረ። እናቴ ጨርሳ ሳትነሳ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ መፍቻውን ጭኗ ላይ አድርጋ ጎማውን ታየዋለች። በማግስቱ አምስታችን፣ አባቴ፣ እኔና ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ ከእሷ ጋር፣ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ልንጓዝ ቀጠሮ ነበረን። ያ ጎማ ከሌሎቹ አብልጣ የምትወደው ነው ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም ለሌሎቹ ሦስቱ አዘንኩላቸው። ወደ ቤት ስንመለስ የሰው እግር ይቀድመን ነበር።

በሚቀጥለው አምስት ሺህ እናቴ የአባቴን አሮጌ ሸሚዝ ለብሳ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ ጋራዡ ገባችና ከጋሽ ጆሮ ጎን ቆመች። ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው በጥያቄና በመልስ ሆነ። እሳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቃሉ፣ እናቴ በዚያው ድምፅ ትመልሳለች።

«የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን?»

«ገብቷል።»

«ቀለበቱ?»

«አለ።»

«የዘይቱ ልክ?»

«ከላይኛው ምልክት አንድ ፀጉር ዝቅ ብሏል።»

«የፊት ግራ?»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።»

በቆርቆሮው አዳራሽ ውስጥ ድምፃቸው ከጣሪያው እየተመለሰ ሲመጣ ሰውነቴን ውርር ያደርገኝ ነበር። መኪና ሁሉ እንዲህ ተጠይቆና ተመልሶለት ነው የሚሄደው፣ አንዲት መልስ ብትጎድል እትዬ እመንገድ ላይ ቀጥ ትላለች ብዬ አመንኩ። ስለዚህም ሙሉውን በቃሌ ያዝኩት። ቤት ወንድሞቼን አልጋ ላይ አሰልፌ እኔ ጠያቂ፣ እነሱ መላሽ ሆንን። እናቴ ሰምታ መጣችና እንደሷ ባልሆነ ቁጣ ይህን ጨዋታ ውጭ እንዳልጫወተው አስማለችኝ። አባቴም ከጋዜጣው ጀርባ «ዝም አይነቅዝም» አለ። ማልኩ። ውጭ አልጫወትም አልኩ።

መኪና ውስጥ ደግሞ ውጭ አይደለም።

ትምህርት ቤት የሚያመላልሰን ባለ ኮፍያው ነበር። ጎረቤታችን ነው፤ ተማሪ የሚጭኑ ሦስት መኪኖች አሉት፣ አንዷን ራሱ ይነዳል። ከጋሽ ጆሮ ደንበኞች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ኮፍያውን ሲያወልቅ ያየው ሰው የለም፤ ሲተኛም አያወልቃትም ይባል ነበር። እናቴ አንቱ ትለዋለች። እኔ በሆዴ አንተ ነበር የምለው፣ ምክንያቱም ጋቢና አያስቀምጠኝም። አንድ ጠዋት ግን ቦታ ጠበበና ጋቢና አስቀመጠኝ። ጉዴ የፈላው እዚያ ነው።

ሞተሩ ዳገቱን ሲጀምር ሳል ቢጤ ያዘው። ባለ ኮፍያው ቅዳሜ ለጋሽ ጆሮ ማሳየት አለብኝ ብሎ አጉረመረመ። እኔም ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚያድኑለት ነገርኩት። ሳቀ። መሳቁ አናደደኝ፤ እኔን ሳይሆን ጋሽ ጆሮን የናቀ መሰለኝ። ስለዚህ ጉራዬን እቸረችር ጀመር። ምንም ነገር እንደማያዩ፣ ዘይቱን በአፍንጫቸው፣ ፍሬኑን በጥፍራቸው እንደሚያውቁ፣ ከእጃቸው የወደቀ ቡሎን እንኳ ጎንበስ ብለው ሳያዩ ወለሉን እየዳበሱ እንደሚያገኙት ነገርኩት። ባለ ኮፍያው መሳቁን አቆመ። ራዲዮኑን አጠፋው።

«እናትሽስ እዚያ ምን ትሠራለች?» አለኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ጥያቄና መልሱን ከማፍሰሻው ቡሎን እስከ የኋላ ቀኝ ጎማ አንድ ሳላስቀር ወረድኩለት። አዳመጠኝ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያዳምጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ትምህርት ቤት ስደርስ የወረድኩት ንግግር አድርጎ እንደተጨበጨበለት ሰው ነው። ዛሬም ያቺ ራዲዮኑን የምታጠፋ እጅ ትታየኛለች።

ያን ቅዳሜ የእትዬ ቀጠሮ ነበር። ሁለት መቶ ሺህ ሞልታ፣ አራቱም ጎማዎቿ ለፍሬን ምርመራ ወርደው፣ ጋሽ ጆሮና እናቴ እየመለሱላት ነበር። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እግሬን አወዛውዛለሁ። ባለ ኮፍያው ሌላ ጊዜ ገና ከበሩ «እንዴት አደሩ ጋሽ ጆሮ!» እያለ ነው የሚገባው። ያን ቀን ድምፅ አላሰማም። ላስቲክ ጫማ አድርጓል። ቀስ ብሎ ገብቶ ጋሽ ጆሮ ፊት፣ ከጣሪያው በምትወርደው ፀሐይ ውስጥ ቆመና፣ ቀኝ እጁን ለሰላምታ ዘረጋ።

ጋሽ ጆሮ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር። ፊታቸው ወደሱ ነው። እጁን ዘርግቶ ቆመ፣ እሳቸው መጥረጋቸውን ቀጠሉ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። እምቢ አሉት! ባለ ኮፍያውን እምቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ጋቢና ስላላስቀመጠኝ፣ ስለሳቀብኝ፣ ስለሁሉም እምቢ አሉልኝ። ለራሴ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

ከጎማው ጋ የተንበረከከችው እናቴ ቀና አለችና አየች። ተስፈንጥራ ተነስታ የባለ ኮፍያውን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው። «ጋሼ፣ ባለ ኮፍያው መጥተዋል» አለች፣ ድምፅዋ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ። ጋሽ ጆሮም ወዲያው አንጓቸውን ዘረጉ። የዘረጉት ግን የእናቴ ድምፅ በመጣበት በኩል ነበር። እዚያ ማንም የለም።

ባለ ኮፍያው ኮፍያውን አወለቀ። ፀጉር አልነበረውም። ዞሮ ሄዶ ያን የተዘረጋ አንጓ በሁለት እጁ ያዘና ብዙ ጊዜ አልለቀቀውም።

«እኔ የሰው ልጆች ነው የምጭነው፣ ጋሼ» አለ።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ጆሮ።

ከዚያ አጎንብሶ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገራቸው። አልሰማሁትም። ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። ተሸንፎ ነው የሄደው ብዬ አገጬን ቀና አድርጌ ሸኘሁት።

ሥራው ቀጠለ፤ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እናቴ ትመልሳለች። የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የኋላ ግራ። ከሌላው ጊዜ ሁሉ የእናቴ ድምፅ የደከመው ያን ቀን ነው።

«የኋላ ቀኝ?» አሉ ጋሽ ጆሮ።

እናቴ መፍቻውን ይዛ በሩን እያየች ነበር፤ አልመለሰችም። መልስ ሳይሰጥ ሊቀር ነው፣ እትዬ እመንገድ ላይ ልትቆም ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ከአግዳሚው ላይ ሆኜ፣ በሙሉ ድምፄ መለስኩ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት!»

ጋሽ ጆሮ ወደ እኔ ዞሩ። «አይተሽ ነው የኔ ልጅ?»

«ሳላይ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «ዓይኔን ጨፍኜ። እንደ እርስዎ።»

ከዚያ ሄደው ጎማው ጋ ተንበረከኩና ቡሎኖቹን በጣቶቻቸው አንድ በአንድ ነኩ። አንደኛው ላይ ቆዩ፤ ሌላኛውም ላይ ቆዩ። ተነስተው መጡና እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ፤ አምስት የዘይት ጣት ግንባሬ ላይ ቀረ። እስከ ሰኞ አልታጠብም ብዬ ከእናቴ ጋር ተጣልቻለሁ። ለእናቴ «የኋላ ቀኟን በራስሽ እጅ አጥብቂያት፣ አምስቱንም» አሏት። ከዚያ ገና ሳይረፍድ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ጠርገው፣ እያንዳንዱን በየምስማሩ ሰቀሉ። በሳምንቱ የጋራዡ በር ተዘጋ። ዳግመኛም አልተከፈተ።

እኔ አላዘንኩም፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ግሩም ነበር። ጋራዡ ወደ ቤታችን መጣ! አምስት ሺህ በሞላ ቁጥር የእትዬ መካከለኛ ወንበር ተነቅሎ ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፣ ጋሽ ጆሮም እላዩ ላይ እንደ ንጉሥ ይቀመጣሉ። መፍቻ አይነኩም። እናቴ ትሠራለች፣ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እሷ አይታ ትመልሳለች። የሚያመጣቸውና የሚመልሳቸው ደግሞ ባለ ኮፍያው ነው። ክርክሩን ስለተሸነፈ በቅጣት ሾፌራቸው ሆኗል ብዬ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሁሉ ነገርኩ። ኋላ፣ ከፍ ስል፣ ዓይናቸው እንደጠፋ አወቅኩ። እርጅና ነው አልኩ። ሰው ያረጃል።

ዘንድሮ አንድ ቀን ጠዋት ከእናቴ ጋር የእትዬን ዘይት ስንቀይር፣ እሷ መሬት ላይ ተንጋላ፣ እኔ መብራት እየያዝኩላት፣ ስለ ሌላ ነገር ስታወራ «ጋሽ ጆሮ ያኔ፣ ጋራዡ እያለ፣ ሳይታያቸው ሲሠሩ» አለች። መብራቱን ፊቷ ላይ አዞርኩት። እናቴ እንደማውቅ ነበር የምታስበው። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ስለ ግንቡ ሥር፣ ስለ ፊት ግራው ጎማ፣ ስለ ሁለቱ የላሉ ቡሎኖች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንዴ ብቻ ነበር አለች። ከተንጋለለችበት ሳትነሳም፣ አንዴም ይበቃ ነበር አለች።

ሌላውን ራሴ ደመርኩት። ራዲዮኑ፣ ላስቲክ ጫማው፣ የተዘረጋው እጅ። የአንድን ሰው ሕይወት ዘግቼ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስኮራበት ኖሬአለሁ። ባለ ኮፍያው ከእኔ የሰማውን ለሰው አዳርሶ፣ ጋራዡን ካስዘጋ በኋላ ተጸጽቶ ነው ሾፌር የሆነው አልኩ። አላስቻለኝም። እትዬን አስነስቼ ሄድኩ።

ጋሽ ጆሮ የሚኖሩት ባለ ኮፍያው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላም ልጆቹ አላስወጧቸውም። ከደጃፋቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። አቆምኩና ምንም ሳልናገር ወደሳቸው ሄድኩ። አፌን ከመክፈቴ በፊት አንጓቸው አየር ላይ ነበር።

እጃቸውን አየሁት። ከሃያ ዓመት በላይ ዘይት ያልነካው፣ ጥፍሩ ነጭ፣ እንደ ሕፃን እጅ የጠራ እጅ። አንጓቸውን በሁለት እጄ ያዝኩና እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ያናገርኳቸው እያለቀስኩ ነው። ለባለ ኮፍያው የነገርኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ጋራዡን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሳቁ፤ ያው የድሮ ሳቃቸው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ» አሉ። «የእኔ ግን ባዳ ሆኖ አያውቅም። የነገርሽው አንቺ መሆንሽን የዚያኑ ዕለት ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እሱ ለሰው ሁሉ ተናግሮ...»

«ለማንም አልተናገረም። በጆሮዬ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? መኪኖቼን አላመጣም፤ ነገሩ ግን ከእኔ አፍ አይወጣም ነው ያለኝ። እስኪሞት አልወጣም። በሌሎቹ ደንበኞች ዓመት ሁለት ዓመት መቀጠል እችል ነበር።»

ለምን ዘጉት ታዲያ አልኳቸው። አንጓቸው አሁንም በእጄ ነው።

«የኋላ ቀኝ ብዬ ስጠይቅ አምስት አልሽኝ» አሉ። «ሄጄ ነካሁት። የጠበቁት ሦስት ነበሩ። ሁለቱ በእጅ ብቻ የገቡ ናቸው፤ እናትሽ ገና አልደረሰችባቸውም። አንቺ ግን አምስት ያልሽው ስለምትወጂኝ ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሚወደኝ ሰው ሁሉ አምስት ይለኛል። እኔ ደግሞ በሰው ፍቅር ላይ ጎማ አላስርም።» ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መልሰው «አንድ ዓመት ሙሉ ተናድጃለሁ» አሉ። «በዓይኔ። በአንቺ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ግን እንቅልፍ ተኛሁ። ከዚያ በፊት የወጣች መኪና ሁሉ እስክትመለስ አልተኛም ነበር።»

በልጅነቴ ከማንም በላይ ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ አምን ነበር። ምክንያቴ ሁሉ ስህተት ነበር፤ እምነቴ ግን ልክ ነበረ። በደጃፋቸው ቆሜ እንደ ስምንት ዓመቴ ትንፋሼን ያዝኩ።

አፍንጫቸውን አነሱ። «እትዬን ነው ይዘሽ የመጣሽው? አዲስ ዘይት ይሸተኛል።»

«አዎ፣ እሷው ናት።»

«ስንት ገባች?»

«አራት መቶ ሰማንያ ሺህ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡና በዚያ በቆርቆሮው አዳራሽ ድምፃቸው ጠየቁኝ።

«የኋላ ቀኝ?»

ጎማው ከቆምኩበት ቦታ ይታያል። ጠዋት እናቴ አጥብቃዋለች፤ ስታጠብቀው መብራት የያዝኩላት እኔ ነኝ። አውቀዋለሁ። አንጓቸውን ለቀቅኩ፣ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር መፍቻውን አወጣሁና ጎማው ጋ ተንበረከክሁ። ዓይኔን ገልጬ የመጀመሪያውን ቡሎን ያዝኩ። መፍቻውን በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት። አልተንቀሳቀሰም።

«አንድ» አልኩ።